ጥንድ ኮከቦችን በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየትና መለካት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በሚያዝያ ወር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በሚመች መልኩ በተናጋሪው የታረመ።)



በዚህ መድረክ ከእኔ በፊት የቀረቡት ባልደረቦቼ ስለ ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ጽንፈ ዓለም መስፋፋት ተናግረዋል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሁለት ነጥቦችን ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የብርሃን ነጥቦች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ አንዱ ከሌላው አንጻር ያለበት አቅጣጫ፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ሆኖም ስለ ከዋክብት ክብደት የምናውቀው ነገር ሁሉ መሠረቱ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ የተጣለ በመሆኑ፣ ደግሞም ሥራው ተማሪ በእጁ ሊያገኘው በሚችል መሣሪያ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጊዜያችሁን በከንቱ የምወስድ አይመስለኝም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በ1997 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የመስተዋቱ ስፋት 114 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ቴሌስኮፕ ተውሼ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት አንድ አሮጌ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ፣ በእኛ የቆየ አጠራር ሰንቡላ በምትባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለችውን ፖሪማን ለትናንሽ ቴሌስኮፖች የተመቸች፣ በቀላሉ ለሁለት የምትከፈል ውብ ጥንድ ናት ይላል። እኔም ቴሌስኮፑን ጣሪያ ላይ አውጥቼ አነጣጠርሁ። ያየሁት አንድ ኮከብ ነው። የዓይን ሌንሱን ቀየርሁ፤ አሁንም አንድ። በማግሥቱ፣ በሣልስቱ፣ እንዲሁ አንድ። መጀመሪያ ቴሌስኮፑን፣ ቀጥሎ አየሩን፣ በመጨረሻም ዓይኔን ተጠራጠርሁ። መጽሐፉን ለመጠራጠር ግን አልደፈርሁም።

መጽሐፉም አልተሳሳተም ነበር። በተጻፈበት ዘመን ሁለቱ ኮከቦች በእርግጥ ተራርቀው ይታዩ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ሰማይን እንደማይለወጥ ሥዕል ቆጥሬው ነበርና። ፖሪማ ሁለት እኩያ ኮከቦች በ169 ዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚዞሩባት ጥንድ ናት። እኔ በጣሪያዬ ላይ ቆሜ በምፈልጋት ወራት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሁለቱ ለአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚደርሱበት የመጨረሻ መቀራረባቸው ደርሰው ነበር። በመካከላቸው የነበረው የማዕዘን ርቀት ከግማሽ የቅስት ሰከንድ ያነሰ በመሆኑ የእኔ መሣሪያ ሊለያቸው አይችልም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2002 ዓ.ም.፣ ያንኑ ቴሌስኮፕ ይዤ ተመለስሁ። አየሩ እጅግ በረጋበት ሌሊት፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቁ ሁለት ክቦች፣ በመካከላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ጨለማ። ኮከብ ሲንቀሳቀስ አየሁ ለማለት የሚያስደፍር ነገር በሕይወቴ ያገኘሁት ያን ሌሊት ነው።

የቅስት ሰከንድ ስል ለእንግዶቻችን ግልጽ ላድርግ። አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንዶች አሉት፤ የጨረቃ ስፋት ወደ 1,800 የቅስት ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ከ206 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ አንድ የቅስት ሰከንድ ያህል ይሆናል። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሰከንድ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ የጊዜውን ሰከንድ ስፈልግ እነግራችኋለሁ።

በሰማይ ላይ ተቀራርበው የሚታዩ ሁለት ኮከቦች ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ከኋላው እጅግ ሩቅ ሆኖ በአጋጣሚ በአንድ የእይታ መስመር ላይ ሊውሉ ይችላሉ፤ እነዚህን የእይታ ጥንዶች እንላቸዋለን። በስበት ተሳስረው የሚዞሩት ደግሞ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው። ይህን ልዩነት ለማወቅ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ በተቃና በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1617፣ የጋሊሊዮ ወዳጅ ቤኔዴቶ ካስቴሊ ሚዛር የተባለችው ኮከብ ጥንድ መሆኗን አይቷል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ጥንዶች ሁሉ የአጋጣሚ ጉዳይ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በ1767 ጆን ሚሼል የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ቁጭ ብሎ አሰላ፦ ከዋክብት በሰማይ ላይ እንደ ተበተነ እህል ያለ ሥርዓት ቢበተኑ ኖሮ ይህን ያህል ተቀራራቢ ጥንድ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ በእርግጥ የተሳሰሩ መሆን አለባቸው አለ። ስሌቱን ያኔ የሰማው ጥቂት ሰው ነው።

ዊልያም ኸርሽል ደግሞ ጥንዶችን መሰብሰብ የጀመረው ለሌላ ዓላማ ነበር። እርሱ የፈለገው የእይታ ጥንዶችን ነው። ቅርቡ ኮከብ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ከሩቁ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲል በማየት የከዋክብትን ርቀት ለመለካት አስቦ ነበር። የጠበቀውን አላገኘም። ያገኘው ግን ከጠበቀው በለጠ፤ ሳዖል የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት እንዳገኘ ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከተመለከተ በኋላ በ1803 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ካስተርን የመሰሉ ጥንዶች እርስ በርሳቸው እንደሚዞሩ አስረዳ። ከዚያ በፊት የኒውተን ስበት ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ እንደሚሠራ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ አልነበረም። በ1827 ፈረንሳዊው ፌሊክስ ሳቫሪ የአንዲትን ጥንድ ሙሉ ምሕዋር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላ።

ምሕዋሩ ለምን ይፈለጋል? መጠነ ቁስን ስለሚሰጥ ነው። የአንድ ኮከብ ዕድሜ፣ ድምቀት፣ አሟሟት ሁሉ በመጠነ ቁሱ ይወሰናል፤ ነገር ግን ብቻውን የቆመን ኮከብ የምንመዝንበት ቀጥተኛ ሚዛን የለንም። ጥንዱ ሚዛኑን ራሱ ይዞ ይመጣል። ቀመሩ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ ዓመት የሚማሩት የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው፦ የረጅሙ ዘንግ ግማሽ፣ በምድርና በፀሐይ ርቀት ተለክቶ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ዙሩ የሚፈጀው ጊዜ በዓመት ተቆጥሮ ሁለት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የሁለቱ ኮከቦች ድምር መጠነ ቁስ በፀሐይ ልክ ይወጣል። ለፖሪማ እንሞክረው። የረጅሙ ዘንግ ግማሽ በሰማይ ላይ ወደ 3.64 ሰከንድ ነው፤ ጥንዷ ካለችበት ወደ 38 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ጋር ሲሰላ 42.5 ያህል የምድርና የፀሐይ ርቀት ይሆናል። ይህ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 76,800 ገደማ፤ 169 በራሱ ሲባዛ 28,561፤ ሲካፈል 2.7። ሁለቱ እኩያ ናቸውና እያንዳንዳቸው ከፀሐይ በሦስተኛ እጅ ያህል ይከብዳሉ። ይህን ስሌት በአንዲት ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራነው። ወደ ስሌቱ የገቡትን ቁጥሮች ለማግኘት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሰው ልፋት ፈስሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የዘንጉ ርዝመት ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ፣ በርቀት ልኬታችን ላይ የሚገባ አምስት በመቶ ስህተት በመጠነ ቁሱ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ‹‹በግምት እንዲህ ይመስላል›› የሚል ልኬት ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው።

ወደ ፖሪማ ልመለስ። በ1718 ጄምስ ብራድሌይና አጎቱ ጄምስ ፓውንድ ጥንዷን አይተው አቅጣጫዋን መዘገቡ። ማይክሮሜትር አልተጠቀሙም፤ ሁለቱን ኮከቦች የሚያገናኘው መስመር በዚያው በሰንቡላ ውስጥ ካሉ ሁለት ሌሎች ኮከቦች መስመር ጋር ትይዩ መሆኑን ብቻ ጻፉ። ይህች አንዲት ማስታወሻ ከመቶ ዓመት በኋላ ምሕዋሩን ለማስላት ለተነሡት ሰዎች የማይተካ ሀብት ሆነች። በ1836 ሁለቱ ተቀራርበው በአብዛኞቹ ቴሌስኮፖች ዘንድ አንድ ሆኑ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት ምርጥ መሣሪያዎች አንዱን የያዘው ፍሪድሪሽ ስትሩቬ በዶርፓት ሆኖ እንደ ረዘመ ቅርጽ ተከታተላቸው። ከዚያ 169 ዓመት ቆጥራችሁ ወደ 2005 ድረሱ። የሚቀጥለው መቀራረብ በ2174 ገደማ ነው። በ1836 ያየ ሰው ሁለተኛውን አላየም፤ በ2005 ያየነውም ሦስተኛውን አናይም። ማንም ሰው የዚህችን ጥንድ ሙሉ ዙር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ምሕዋሩ ያለው በመዝገብ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንሂድ፤ ተማሪዎች ብዙ የሚጠይቁኝ ስለዚህ ነው።

ኮከብ በቴሌስኮፕ ውስጥ ነጥብ ሆኖ አይታይም። ብርሃን በመስተዋቱ ጠርዝ ሲያልፍ በዲፍራክሽን ስለሚበተን ትንሽ ክብና በዙሪያዋ ደብዛዛ ቀለበቶች ይፈጠራሉ። መስተዋቱ በሰፋ ቁጥር ክቧ ታንሳለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የነበረው ዊልያም ዳውስ በተለያየ ስፋት ባላቸው ቴሌስኮፖች ከሞከረ በኋላ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን ደንብ ሰጠ፦ 116ን ለመስተዋቱ ወይም ለሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር መሣሪያው ሊለየው የሚችለው የመጨረሻ ርቀት በሰከንድ ነው። 60 ሚሊሜትር ሌንስ ያላት መለማመጃ 1.9 ሰከንድ፣ የእኔ 114 ሚሊሜትር 1 ሰከንድ ገደማ፣ 200 ሚሊሜትር ደግሞ 0.58። ይህ ደንብ ግን የሚሠራው ሁለቱ ኮከቦች በድምቀት እኩያ ሲሆኑ ነው። የሲሪየስ ተጓዳኝ በአሁኑ ጊዜ ከዋናዋ 11 ሰከንድ ያህል ርቃ ትገኛለች፤ በደንቡ መሠረት ለማንኛውም ቴሌስኮፕ ቀላል ልትሆን ይገባ ነበር። ነገር ግን በብርሃን ከሲሪየስ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ስለምታንስ በእሳት ዳር እንደተቀመጠች ክብሪት ትዋጣለች። ቤሰል በ1844 ከሲሪየስ መወላገድ ተነሥቶ የማትታይ ጓደኛ አለቻት ቢልም፣ በዓይን የታየችው በ1862 በአሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ ነው።

ከደንቡ ይልቅ በሥራ ላይ የሚያስቸግረው አየር ነው። ከዋክብት የሚብለጨለጩባት፣ ለገጣሚ የምትመች ሌሊት ለእኛ መጥፎ ሌሊት ናት። የእኛን ሥራ የሚያሳምረው አንዳንዴ ቀጭን ጭጋግ እንኳ ያለበት፣ ነፋስ የሌለው፣ የረጋ አየር ነው። ቴሌስኮፑ ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያውኑ ቢታይበት፣ ከመስተዋቱ የሚነሣው ሙቀት ምስሉን እንደ ፈላ ውሃ ያናውጠዋል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ውጭ ይቀመጥ። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ አትቁሙ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ሲተፋ ያድራል። በ1997 የእኔ አንዱ ጥፋት ይህም ነበር።

በከተማ መኖራችን እንደሚባለው አይጎዳንም። ኔቡላ ወይም ጋላክሲ የሚፈልግ ሰው የመንገድ መብራትና ጨረቃ ጠላቶቹ ናቸው። ጥንድ ኮከቦች ግን በአብዛኛው ብሩህ ስለሆኑ በሙሉ ጨረቃም፣ በመሀል ከተማም ይለካሉ። ክረምታችን በእርግጥ ሦስት ወር ያህል ሰማዩን ይዘጋብናል፤ በምትኩ የምድር ወገብ ቅርበታችን ብዙ ይሰጠናል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ፖሪማ ወደ 80 ዲግሪ ከፍታ ትወጣለች፤ ብርሃኗ በጣም ቀጭኑን የአየር ንጣፍ ብቻ አልፎ ይደርሰናል ማለት ነው። በዚያው ሌሊት በሰሜን ሚዛርን፣ በደቡብ አልፋ ሴንታውሪን ማየት እንችላለን። በለንደን ያለ ተመልካች አልፋ ሴንታውሪን ዕድሜ ልኩን ከቤቱ አያያትም።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ መለካት ሌላ። የምንለካው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው የማዕዘን ርቀት ነው። ሁለተኛው የአቅጣጫ ማዕዘን ሲሆን፣ ከደማቁ ኮከብ ተነሥተን ሰሜንን ዜሮ፣ ምሥራቅን 90 ዲግሪ አድርገን እስከ 360 እንቆጥራለን። በዚህ ላይ ልኬቱ የተደረገበት ቀን ይጨመራል፤ ቀን የሌለው ልኬት ዋጋ የለውም።

የቀድሞዎቹ ለዚህ ውድ ማይክሮሜትር ያስፈልጋቸው ነበር። ዛሬ ርካሽ የቪዲዮ ካሜራና ኮምፒውተር ይበቃሉ። የምሕዋር ማዞሪያ ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ እንኳ ያገለግላል፤ እንዲያውም ሞተሩ ጠፍቶ ምድር ራሷ እንድትለካልን እናደርጋለን። ቴሌስኮፑ ሳይንቀሳቀስ ኮከቡ በካሜራው ፊት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያልፍ የተጓዘበት መስመር ትክክለኛውን ምዕራብ ያሳየናል። ፍጥነቱም ይታወቃል፦ በሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ በአንድ የሰዓት ሰከንድ 15.04 የቅስት ሰከንድ ይሄዳል፤ ከወገብ በራቀ ቁጥር ይህ በዲክሊኔሽኑ ኮሳይን እየተባዛ ይቀንሳል። ለምሳሌ ፖሪማ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ስለሆነች፣ በአሥር የሰዓት ሰከንድ ውስጥ በቪዲዮው ላይ 300 ፒክስል ብትጓዝ፣ 150.4 ለ300 ሲካፈል እያንዳንዱ ፒክስል ግማሽ የቅስት ሰከንድ ያህል ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ኮከቦች መካከል ያሉትን ፒክስሎች መቁጠር ነው። ከብዙ መቶ ክፈፎች አየሩ በረጋበት ቅጽበት የተነሡትን መርጦ መደመር ውጤቱን በብዙ ያሻሽለዋል።

በሰዓት መያዣ የምትለኩ ከሆነ ግን ለመለኪያችሁ ማመሳከሪያ ከወገብ የራቀ ኮከብ ምረጡ። የእጃችን መዘግየት ሁለት አሥረኛ የሰዓት ሰከንድ ቢሆን፣ በወገብ ላይ ሦስት የቅስት ሰከንድ ስህተት ያመጣል፤ በ60 ዲግሪ ዲክሊኔሽን ግን ኮከቡ በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄድ ስህተቱም በግማሽ ይቀንሳል።

ስለ አንድ ጥፋቴ ልናገር፤ ከእኔ እንድትማሩበት። ከዓመታት በኋላ ባለ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ አግኝቼ አንድ በጋ ሙሉ ስለካ ከረምሁ። አንገቴ እንዳይታመም አንዳንድ ሌሊት ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያጥፍ መስተዋት እገጥም ነበር፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ያለ እርሱ እሠራ ነበር። እንዲህ ያለው አንድ መስተዋት ምስሉን ግራውን ቀኝ ያደርገዋል፤ 40 ዲግሪ የነበረው አቅጣጫ 320 ሆኖ ይነበባል። ይህ በራሱ ችግር አይደለም፤ ከ360 ቀንሶ ማረም ይቻላል። ችግሩ፣ በየትኛው ሌሊት መስተዋቱን እንደገጠምሁ በማስታወሻዬ ላይ አለመጻፌ ነው። ውጤቶቼ ከታወቁት ጋር የማይስማሙ ሆነው ሳገኛቸው፣ የተጣረሱትን ብቻ ገልብጬ ‹‹ያን ሌሊት መስተዋቱ ነበረ›› ለማለት እጄ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ባደርግ ቁጥሮቹ ሁሉ ያምሩ ነበር። ነገር ግን ልኬት መሆናቸው ይቀርና የሌላ ሰው መልስ ቅጂ ይሆናሉ። የበጋውን ሥራ በሙሉ ሰረዝሁት። አሁንም ደብተሩ ቢሮዬ አለ፤ የፈለገ መጥቶ ይየው።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ከመለካታችሁ በፊት የታወቀውን ቁጥር አትመልከቱ እላለሁ። ዓይን የሚጠብቀውን ያያል። በተለያዩ ሌሊቶች ለኩ፤ አማካዩን ስጡ፤ መበታተኑንም አትደብቁ።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ እኔው ላንሣው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2013 ያመጠቀው ጋያ የተባለው ሳተላይት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ቦታ እኛ ልናስበው በማንችለው ጥራት ለክቷል። ታዲያ የእኛ ሥራ ምን ይጨምራል? በዚህ ጉዳይ አንዳንድ የአማተር ማኅበራት የሚያሰሙትን ጉራ አልወደውም። እውነቱን ለመናገር፣ ተራርቀው ለሚታዩ ደብዛዛ ጥንዶች በአብዛኛው ምንም አንጨምርም፤ ጋያ በሺህኛ ሰከንድ የለካውን እኛ በአሥረኛ ሰከንድ ብንለካው ልምምድ እንጂ ሳይንስ አይደለም። ይሁንና ሁለት ነገር አለ። ጋያ እጅግ ብሩህ በሆኑ ከዋክብት ላይ ይቸገራል፤ ለደካማ ብርሃን የተሠራ ዓይን ነውና። ሁለተኛውና ዋናው፣ ጋያ ምልከታውን በጥር 2025 አቁሟል። ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ ለ169 ዓመት ምሕዋር አንድ አጭር ቅስት ነው። ካስተር ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅባታል። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢጠራ ጊዜን ሊያሳጥር አይችልም፤ ቀጣዩን ነጥብ በቀጣዩ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል።

ጋያ የጠቀመን በሌላም መንገድ ነው። በትናንሽ ቴሌስኮፕ ከሚታዩት ሁሉ በውበቷ የምትጠቀሰው አልቢሬዮ ናት፤ አንዱ ወርቅማ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ በመካከላቸው 35 ሰከንድ ገደማ። እውነተኛ ጥንድ ናት ወይስ የእይታ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። የጋያ ልኬቶች ሁለቱ በሰማይ ላይ የሚያደርጉት ጉዞ እንደሚለያይ አመልክተዋል፤ ስለዚህ ለብዙ ትውልድ በየመማሪያው የጥንድ ምሳሌ ሆነው የኖሩት ሁለቱ ምናልባት መንገደኞች ብቻ ናቸው። እኔ በበኩሌ ይህን ከሰማሁ በኋላ ይበልጥ ወደድኋቸው።

ይህን ሥራ የሠሩት በሙያ የተመደቡ ሰዎች ብቻ አለመሆናቸውን ልጨምር። ሸርበርን በርነም በቺካጎ የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊ ነበር። ቀን ችሎት ውሎ ማታ በግቢው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ያይ ነበር። ሊቃውንቱ የሚገኘው ሁሉ ተገኝቷል ባሉበት ዘመን በ1873 ሰማንያ አንድ አዳዲስ ጥንዶችን አሳተመ፤ በዚያች ሌንስ ብቻ ያገኛቸው ከአራት መቶ በላይ ናቸው። በ1906 ያወጣው መዝገብ 13,665 ጥንዶችን ይዟል። በእኛው አህጉር ደግሞ ሮበርት ኢነስን እናገኛለን፤ በሲድኒ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆኖ በትንሽ ቴሌስኮፕ የደቡብ ሰማይ ጥንዶችን ሲያገኝ ከቆየ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በ1915 በጆሃንስበርግ ሆኖ የአልፋ ሴንታውሪን ሦስተኛ አባል፣ ለፀሐይ ከሁሉም ቅርብ የሆነችውን ፕሮክሲማን ያገኘ እርሱ ነው። ዛሬ የዓለም ጥንድ ኮከቦች መዝገብ በዋሽንግተን በባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ የሚጠበቅ ሲሆን ከ150,000 በላይ ጥንዶችን ይዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለአሥርት ዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ናቸው። በእንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ለተቀራረቡት ጥንዶች እነርሱ ይበጃሉ። ለሌሎቹ የሚያስፈልገው ትንሽ መሣሪያና ለዓመታት የማይቋረጥ ደብተር ነው። ከመሣሪያው ይልቅ የሚቸግረን ደብተሩ ይመስለኛል፤ ተማሪ ሲመረቅ ልኬቱም አብሮት ይመረቃል። የፋኩልቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ የልኬት መዝገብ በቋሚነት እንዲያኖርልን ለዲኑ ጽፈናል፤ እዚህም በአደባባይ እጠይቃለሁ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ በጥቂቱ። በጥቅምት፣ ሰማይ ከክረምት በኋላ ሲጠራ፣ በምሽት ወደ ሰሜን ምዕራብ አልቢሬዮን ፈልጉ፤ ለማንኛውም መሣሪያ ቀላል ናት። ከጥር እስከ መጋቢት ካስተር በገውዝ ውስጥ አለች፤ 5 ሰከንድ ገደማ። በአሁኑ ወራት አልጊየባ በአሰድ፣ ፖሪማ በሰንቡላ። ግንቦት ሲገባ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ አልፋ ሴንታውሪ በደቡብ 20 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትቆማለች። ጥንድነቷን በ1689 በሕንድ ፑዱቼሪ የነበረ ኢየሱሳዊው ዣን ሪሾ ጅራታም ኮከብ ሲመለከት ነው ያገኘው። ዙሯ 80 ዓመት ስለሆነ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ወጣቶቹ ዛሬ ጀምራችሁ እስከ ጡረታ ብትለኩ ከግማሽ በላይ ዙሯን በራሳችሁ እጅ ትይዛላችሁ። በ2037 ገደማ ከ2 ሰከንድ በታች ትጠባለች፤ ያን ጊዜ ትናንሾቹ ቴሌስኮፖች ይፈተናሉ።

ዛሬ ማታ ደመና ከሌለ ባለ 114 ሚሊሜትሩን ጣሪያ ላይ እናወጣለን። ይኸው የሲሚንቶው ጣሪያ ነው፤ የቆርቆሮው አይደለም። ገለጻው ከመጀመሩ በፊት መስተዋቱ እንዲቀዘቅዝ ውጭ አስቀምጠነዋል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፖሪማ በደንብ ከፍ ትላለች። አሁን በሁለቱ መካከል ከ3 ሰከንድ በላይ አለ። ልኬት የሚወስዱ ሁለት ተማሪዎች ያስፈልጉኛል፤ እርሳስና ሰዓት ይዛችሁ ኑ። የታወቀውን ቁጥር በፖስታ አሽጌ ለጥበቃው ሰጥቻለሁ፤ ለክታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሰጣችኋል።